14 ልጆች ይዘን ወደ አንኮበር፦ ለሁለት ሌሊት የእግር ጉዞ ምክር እፈልጋለሁ

የጠባሴዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የታዳጊዎች ስካውት ቡድን እረዳለሁ። ልጆቹ 14 ናቸው፤ 9 ወንድ፣ 5 ሴት። ትንሹ 11 ዓመቱ ነው፣ ትልቋ 16። እኔን ጨምሮ ሦስት አዋቂዎች አለን። ከጥምቀት በኋላ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ ዓርብ ከሰዓት ወጥተን እሑድ ማታ ቤታችን የምንገባበት ጉዞ እያሰብኩ ነው።

ዓርብ በመኪና አንኮበር ገብተን እዚያው እናድራለን። ቅዳሜ ቦርሳችንን ተሸክመን በወፍ ዋሻ ጫካ በኩል ወደ ደብረ ሲና እናቀናለን። መንገድ ላይ አድረን እሑድ ደብረ ሲና እንደርሳለን። ከዚያ በጣርማ በር በኩል በመኪና ወደ ቤት። ካርታ ላይ በማስመሪያ ስለካው ከአንኮበር ደብረ ሲና በቀጥታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለት ቀን አይከብድም ብዬ ነው።

ልጆቹ ከከተማ ከወጡ ቆይተዋል። አንዷ ባለፈው "መምህርት፣ ድንኳን ውስጥ ሆነው ዝናብ ሲዘንብ ድምፁ ምን ይመስላል?" ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉዞው ከሐሳቤ አልወጣም። ድንኳን አምስት አለን። የቀረው ሁሉ ገና ነው። ልምዱ ያላችሁ ምከሩኝ። የተሳሳትኩት ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ።

አንኮበሬው

እህቴ፣ ሐሳብሽ በጣም ደስ ይላል። መንገዱን ግን ቀይሪው። እኔ እዚያው ተወልጄ ነው ያደግሁት። ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ያለው አገር ቀጥ ብሎ አይኬድም። አንዱን ሸንተረር ትወጪና ወደ ወንዝ ትወርጃለሽ፣ እንደገና ትወጫለሽ። 30 ያልሽው በእግር ሲሆን ከ40 ያልፋል። ጉልበተኛ ጎልማሳ ያለ ሸክም ሊሞክረው ይችላል። የ11 ዓመት ልጅ ቦርሳ ተሸክሞ አይችለውም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ዓርብ ማታ እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ አድራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጫካው ጠርዝ እሄዳለሁ። ውሃ ያለበት ሜዳ መርጬ አድራለሁ። እሑድ በመጣሁበት መንገድ እመለሳለሁ። በመጡበት መመለስ ለልጆች ጥሩ ነው። የት ጋ አቀበት እንዳለ፣ የት ጋ ውሃ እንዳለ ያውቁታል፣ አይጨነቁም።

ከሁሉ በፊት ግን የአካባቢው ሰላም ይቀድማል። ሳምንት ቀድማችሁ ከወረዳው ጋር ተነጋገሩ፣ ደብዳቤ ያዙ፣ ለቀበሌውም አሳውቁ። በመነሻችሁ ዋዜማ እንደገና ደውሉ። "እስቲ ቆዩ" ካሏችሁ ቆዩ። ወፍ ዋሻ የትም አይሄድም። መንገድ መሪም ከዚያው ከመንደሩ ሰው ያዙ። ሰው ሲያያችሁ "እነማን ናቸው?" ብሎ አይጨነቅም፣ እናንተም መንገድ አትስቱም።

ተራራ ወዳጅ

አንኮበሬው ያለው ትክክል ነው። በቁጥር ላሳይሽ። በ1892 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣው ስሌት አለ። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዢ። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት አንድ ሰዓት ጨምሪ። 8 ኪሎ ሜትር ሆኖ 600 ሜትር የሚያስወጣ ከሆነ 2 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይመጣል። ይህ ለጠንካራ አዋቂ ነው፣ ዕረፍትም የለበትም። ለልጆች ቡድን እኔ ሁሌም እጥፍ እይዛለሁ። 5 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ብትነሱ 7 ሰዓት ትደርሳላችሁ። ድንኳን ለመትከል፣ ውሃ ለመቅዳት፣ ለመጫወት ጊዜ ይተርፋል።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንድ የታዳጊዎች ቡድን ይዘን ወጥተን ነበር። አንድ የ12 ዓመት ልጅ አዲስ ጫማ አድርጎ መጣ። እናቱ ለጉዞው ብላ ነው የገዛችለት። ቀኑን ሙሉ ምንም አላለም። ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ከተረከዙ ጋር ተጣብቆ መጣ። ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ደርቆበት ነበር። "ለምን አልነገርከንም?" ስለው "ጉዞው በእኔ ምክንያት እንዳይቀር ብዬ ነው" አለኝ። ጥፋቱ የኛ ነበር። በየሰዓቱ አስቁመን እግራቸውን ማየት ነበረብን።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አልተውም። ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ቅዳሜዎች ልጆቹ የሚጓዙበትን ጫማ አድርገው፣ የሚሸከሙትን ተሸክመው ከተማው ዙሪያ ይሄዳሉ። በጉዞው ቀን ደግሞ ከተነሳን ከ30 ደቂቃ በኋላ እንቆምና ሁሉም ጫማውን ያወልቃል። ቀላ ያለ ቦታ ካለ ውሃ ሳይቋጥር ያኔውኑ ፕላስተር ይለጠፍበታል።

የመንዝ ልጅ

እኔ ደግሞ ጓሳ ብትሄዱ ብዬ ነበር። ከመሐል ሜዳ ቅርብ ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው ቦታ ነው። የጓሳ ሣሩ መቼ ይታጨዳል፣ መቼ ይዘጋል የሚለውን አባቶቻችን ናቸው የደነገጉት። ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጭላዳ አለ፣ ጅብራ የሚባለው ተክል እንደ ሰው ቆሞ ታይዋለሽ። ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳን ለሚያድር ልጅ ብርዱ ይከብዳል። ለሁለተኛው ጉዞ አቆዩት።

አንድ ነገር ላስታውስሽ። ለወረዳው ደብዳቤ ስትጽፉ "የታዳጊዎች ስካውት ቡድን" ብላችሁ ዕድሜያቸውንም ጻፉ። በኛ አገር ስካውት ሲባል ለብዙ ሰው መሣሪያ የያዘ የፓርክ ጠባቂ ነው። "14 ስካውት ይመጣል" ብላችሁ ብትጽፉ ሌላ ነገር ነው የሚገባቸው።

ስለ ብርድ ካነሳሁ ልቀጥል። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ልጆቹ ብርድ ያውቃሉ። ግን የሚያውቁት ቤት ውስጥ ሆነው ነው። ድንኳን ውስጥ ብርዱ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የሚመጣው። መሬቱ ሙቀትሽን ይመጠዋል። ከገበሬ የገብስ ገለባ ግዙና ከድንኳኑ ወለል ሥር አንድ ክንድ ያህል ጎዝጉዙ። ተኝታችሁበት ሲታመቅ አራት ጣት ይሆናል። ጠዋት ሰብስባችሁ መልሱለት፣ ከብቱ ይበላዋል።

እናት ነኝ

ይቅርታ፣ እኔ የጉዞ ሰው አይደለሁም። ልጄ እንደዚህ ባለ ቡድን ውስጥ ነው። የማታ ልብስ ጋቢ ብልክለት ይበቃል? ስሊፒንግ ባግ የሚባለውን ሁላችንም መግዛት አንችልም። ምግቡስ እንዴት ነው? ዓርብ ጾም ነው። በቡድኑ ውስጥ ሙስሊም ልጆችም አሉ። የኔ ልጅ ከጓደኞቹ ተለይቶ እንዲበላ አልፈልግም።

የመንዝ ልጅ

እናቴ፣ ጋቢ ጥሩ ነው፣ ግን ጥጥ ነው። ጥጥ ከረጠበ ይከብዳል፣ አያሞቅም፣ ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ጋቢው በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ለመኝታ ብቻ ነው የሚወጣው። ቀን ላይ እንዳይለብሰው። ቤት ውስጥ ባና ወይም በርኖስ ካለ ከሁሉም ይሻላል። ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። የመንዝ እረኛ በርኖሱን የማያወልቀው ለዚህ ነው። ክብደቱ ብቻ ነው ችግሩ። ለሁለት ልጅ አንድ ባና አድርጋችሁ በየተራ ይሸከሙት። ጂንስ ሱሪ ግን አታልብሱት። እሱም ጥጥ ነው።

የጠባሴዋ መምህርት

እናቴ፣ የምግቡን ነገር እኔም አስቤበታለሁ። በኔ ቡድን ሦስት ሙስሊም ልጆች አሉ። ሥጋና ቋንጣ ጨርሶ አንይዝም። ቅቤም አይገባም። ሦስቱንም ቀን ሁሉም የሚበላው ምግብ ይሆናል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ። ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

የደብረ ሲናውን መንገድ ትቼዋለሁ። አንኮበሬው ባለው እንሄዳለን። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አዝኛለሁ፤ ትልልቆቹ ልጆች ደብረ ሲና መውረድን ጓጉተውለት ነበር። ግን የትንሹን ልጅ እግር ሳስብ ነገሩ አለቀልኝ።

አሁን ቦርሳው ነው ያስጨነቀኝ። አንድ ልጅ ስንት ኪሎ ይሸከም?

ተራራ ወዳጅ

ከራሱ ክብደት ከ15 እስከ 20 ከመቶ። 35 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቢበዛ 7 ኪሎ፣ 5 ቢሆን ይሻላል። ሁለት ሊትር ውሃ ብቻውን 2 ኪሎ እንደሆነ አትርሺ። በግምት አይሆንም፣ መዝኑት። ወፍጮ ቤት ውሰዷቸው። እህል የሚመዘንበት ሚዛን ላይ መጀመሪያ ልጁ፣ ከዚያ ቦርሳው። እኔ ያደረግሁት እንደዚህ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ቁጥሩን ሲያዩ ያለማንም ግፊት ዕቃ ያወጣሉ። አንዱ ከቦርሳው ሙሉ የሳሙና ካርቶን አወጣ። አንዷ ሦስት ደብተር።

ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ተጠግቶ መሐል ላይ ይሁን። ከታች ከሆነ ወደ ኋላ ይጎትታል። ድንኳንና ድስት ለሚሸከም አንድ አህያ መከራየትም ነውር የለውም።

አንኮበሬው

አህያ አገኝላችኋለሁ። ባለቤቱም አብሮ ይሄዳል።

ሲስተር ከጤና ጣቢያ

መምህርት፣ ቡድኑን ስላሰብሽላቸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጤናውን ነገር እኔ ልበል።

ወላጅ ሁሉ በጽሑፍ ፈቃድ ይስጥ። ወረቀቱ ላይ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ አለርጂ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ይጻፍ። ወላጆች በቃል ሲጠየቁ "ምንም የለበትም" ይላሉ፣ ወረቀት ሲሰጣቸው ግን ያስታውሳሉ። የአስም መድኃኒት ልጁ ኪስ ውስጥ ይሁን፣ አህያው ላይ እንዳይጫን።

ውሃ፦ የምንጭ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም አፍልታችሁ ጠጡ። ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ሳይሞቅ ነው የሚፈላው፤ 3,000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል። ለዚህም ነው ባቄላና ምስር ይዛችሁ አትሂዱ የምለው። ለመብሰል ከወትሮው ብዙ ይቆይባችኋል፣ ማገዶ ይጨርሳል። ሽሮው ጥሩ ምርጫ ነው። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ከያዛችሁ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ብርድ፦ ልጅ ሲንቀጠቀጥ ማየት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ዝም ይላል፣ ይደናቀፋል፣ ሲናገር ይንተባተባል። "ደክሞት ነው" ብላችሁ አትለፉት። የረጠበ ልብሱን አውልቁ፣ ደረቅ አልብሱ፣ በባና ጠቅልሉ፣ ጣፋጭ ሙቅ ሻይ ስጡት። ካልተሻለው ወዲያው ወደ ሕክምና። ለዚህ ስትሉ ቅዳሜ ማታ አንኮበር ላይ የሚጠብቅ መኪና ይኑር።

ውሻ፦ የእረኛ ውሾች ይኖራሉ። ልጆቹ አይሩጡ፣ ተጠጋግተው ይቁሙ፣ መንገድ መሪው ባለቤቱን ይጥራ። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ ሳትንቁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም አድርሱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ሴቶቹ ልጆች የሴት መሪ ከጎናቸው ትሁን። ሞዴስ ለሁሉም ያዢ፣ ማንም ሳትጠይቅሽ በፊት የት እንዳስቀመጥሽው ንገሪያቸው። የ12 ዓመት ልጅ ድንኳን ውስጥ መጀመሪያ ጊዜዋ ሊሆን ይችላል።

መጸዳጃ ከውሃው 60 ሜትር ይራቅ። ጉድጓዱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይቆፈር፣ አፈር ይመለስበት። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን ብሱና ከሳሙና ጋር እዚያው ዛፍ ላይ እሰሩት፣ እጃቸውን ይታጠቡበታል።

የድሮ ስካውት

ልጄ፣ ይህን ሳነብ ብዙ ነገር ትዝ አለኝ። በጃንሆይ ዘመን ልጅ ሆኜ ስካውት ነበርኩ። ካኪ ቁምጣ፣ አንገት ላይ ስካርፍ፣ በግራ እጅ ሰላምታ። ያ ነገር ቆሞ ሲቀር እንደ ዘመድ ነው ያዘንኩለት። አሁን የአገሬ ልጆች ሲጀምሩት በማየቴ ደስ ብሎኛል።

ጋሽ ቤደን ፓወል በ1907 እ.ኤ.አ. ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ ይህን ነገር ሲጀምር 20 ልጆች ነበሩት። አንድ ላይ አልነዳቸውም። በትንንሽ ቡድን ከፈላቸው፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ከልጆቹ መካከል መሪ አደረገ። አንቺም 14ቱን ለሦስት ክፈያቸው። አንዱ ቡድን ውሃ፣ አንዱ ምግብ፣ አንዱ ድንኳን። በማግስቱ ይቀያየሩ። አዋቂ አይሥራላቸው። ሽሮው ቢያርባቸው ያረረውን ይብሉ።

አሰላለፉን አደራ። ከፊት መንገድ መሪው፣ ከእሱ ቀጥሎ ትንሹ ልጅ። አንድ አዋቂ ከሁሉም ኋላ ይሁን፣ ማንም ከእሱ ወደ ኋላ አይቅር። ትንሹ ከኋላ ከሆነ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቁታል፣ ሲደርስ ይነሳሉ። እሱ ዕረፍት የሚባል አያገኝም። ከፊት ሲሆን ግን ሁሉም በእሱ እርምጃ ይሄዳል።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንገቱ ላይ ፊሽካ እሰሩለት። ሦስት ጊዜ መንፋት "ድረሱልኝ" ማለት ነው። አንኮበር ከቀትር በኋላ ጉም ይወጣባታል። ደቂቃ ሳይሞላ ፊትሽ ያለውን ሰው አታይም። ጉም ከመጣ ወይም ልጅ ብቻውን እንደቀረ ካወቀ፣ ባለበት ይቁም፣ ይንፋ። አይፈልጋችሁ፣ እናንተ ፈልጉት። ይህን ቤት ውስጥ ደጋግማችሁ አለማምዷቸው።

አንኮበሬው

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ስለ ጉሙ እውነት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ጭላዳ ማታ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጠዋት ወጥቶ ሣር ሲግጥ ልጆች ያዩትና ይሮጡበታል፣ እሱ ደግሞ ወደ ገደሉ ይሸሻል። ልጆቹም ተከትለው አፋፉ ላይ ይደርሳሉ። ከመነሳታችሁ በፊት "ጭላዳ ስታዩ ቁጭ በሉ" በሏቸው። ቁጭ ካሉ ራሱ ይጠጋል፣ በደንብ ያዩታል። ምግብ ግን አይወረወርለት።

ሌላው ማገዶ ነው። አስታም ሆነ ወይራ አትቁረጡ። የወደቀ ደረቅ እንጨትም ቢሆን የሰው ማገዶ ነው፣ ሳትጠይቁ አትልቀሙ። የላምባ ምድጃ ይዛችሁ ኑ። ቤተ መንግሥቱ የነበረበትን ኮረብታም ዓርብ ሳይመሽ አሳያቸው ዘንድ ፍቀዱልኝ። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት የሸዋ መናገሻ እዚህ እንደነበር ቆመው ሲያዩት ይለያል።

የጠባሴዋ መምህርት

ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ወፍጮ ቤቱ ሚዛን ላይ ዛሬ አወጣኋቸው። ትንሹ 31 ኪሎ ነው፣ ቦርሳው 9! አብረን አራግፈን 5 አደረስነው። ወረዳው ደብዳቤያችንን ተቀብሏል። ዋዜማው ላይ እንደውላለን።

የጠባሴዋ መምህርት

ተመልሰናል። 14ቱም ደህና ናቸው። እሑድ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ደብረ ብርሃን ገባን።

ቅዳሜ ያሰብነው 5 ሰዓት ነበር፣ 5 ሰዓት ከ40 ፈጀብን። ትንሹ ልጅ ከመንገድ መሪው ኋላ እየሄደ በየመሐሉ ዞር ብሎ "ደክሟችኋል?" ይላቸው ነበር። የሁለት ልጆች ተረከዝ ቀልቶ አገኘን፣ ፕላስተር አደረግንላቸው፣ አልባሰባቸውም። 8 ሰዓት ላይ ጉሙ መጣ። ድንኳን ተክለን ነበር። ሁሉም ፊሽካቸውን እንደያዙ ባሉበት ቆሙ፣ ማንም ሳይነግራቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲገለጥ ሁሉም ቦታቸው ላይ ነበሩ። ጋሼ፣ እርስዎን አሰብኩ።

ዝናብ አልዘነበም። ሌሊቱን ግን ውርጭ ጣለ። ስለ ዝናቡ ድምፅ የጠየቀችኝ ልጅ ንጋት ላይ ቀስቅሳኝ፣ የድንኳኑን ጨርቅ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ትንፋሻችን ከውስጥ፣ ውርጩ ከውጭ ደርቆ ነበር። "ይሄንንም ጻፊው" አልኳት፤ ማስታወሻ ደብተር ይዛ ነበር። ገለባው ባይኖር ኖሮ ምን እንሆን እንደነበር እንጃ። ባለ ገለባው አባት መልሰን ስንሰጣቸው ገንዘቡን አንቀበልም ብለው ስንት ለምነናቸዋል።

እናት ነኝ

እሰይ! ተመስገን። ምግቡ በቃችሁ?

የጠባሴዋ መምህርት

ሽሮው ተረፈ፣ በሶው ቅዳሜ ማታ አለቀ። ለአንድ ልጅ ሩብ ኪሎ ነበር የያዝነው። ለጓሳው ግማሽ ኪሎ እይዛለሁ፣ ስኳርም እጨምራለሁ። የመንዝ ልጅ፣ ከፋሲካ በኋላ ብርዱ እንዴት ነው?

የመንዝ ልጅ

ከጥር ይሻላል። የበልጉ ዝናብ ግን ሊያገኛችሁ ይችላል። ለልጅቷ ንገሪያት።